ከፊት የቆመች ዜሮ

ውድ ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አዳማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የ17 የሥራ ክፍሎችን መለያ ቁጥር እየጻፍሁ ሳለሁ፣ ዓምዱ ቀጥ ብሎ እንዲታየኝ ብዬ በየቁጥሩ ፊት ዜሮ ጨመርሁ። ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) 008ንና 009ን አልቀበልም ሲለኝ ምክንያቱን ሳልመረምር ከሁለቱ ላይ ብቻ ዜሮዎቹን አጠፋሁ፤ 010 ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ አለፈ። በዚያ ቋንቋ ፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር በመሠረት ስምንት እንደተጻፈ ስለሚቆጠር፣ የአሥረኛው ክፍል ወጪ በስምንተኛው ላይ ሲመዘገብ ወር ሞላው። ስሕተቱን ያገኘሁት በዚያ በአዳማ ሙቀት ላቤ የታተመውን ወረቀት እያራሰው፣ በእርሳስ መስመር በመስመር ስመረምር ነው።

ቁጥሩና አጻጻፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በመሠረት ስምንት አኀዞቹ ከ0 እስከ 7 ብቻ ሲሆኑ፣ አሥር ቤትና መቶ ቤት የምንላቸው ቦታዎች ስምንት ቤትና ስልሳ አራት ቤት ይሆናሉ፤ ቀጥሎ ያለው የ512 ቤት ነው። 24 ጠርሙስ የሚይዘው የለስላሳ ሣጥን 30 ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስት ስምንት ማለት ነው። (በግእዝ አኀዝ ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ስለሆነ፣ የኔ ዓይነቱ ስሕተት ሊደርስበት አይችልም ነበር።)

2017ን እንውሰድ፤ በመሠረት ስምንት 3741 ነው። ብቸኛ ቁጥር መሆኑ፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ አለመካፈሉ፣ በየትኛውም አጻጻፍ አይለወጥም። አኀዞችን ደምሮ ማካፈልን መፈተሽ ግን የአጻጻፉ ጠባይ ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ ለ9 የሚሠራው ዘዴ እዚህ ለ7 ይሠራል። 8፣ 64 እና 512 ለ7 ሲካፈሉ ሁሉም ቀሪያቸው 1 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አኀዝ የትም ቤት ቢቀመጥ ለቀሪው የሚያዋጣው ያንኑ ራሱን ነው። 3፣ 7፣ 4 እና 1 ሲደመሩ 15፣ የ15 ቀሪ 1፤ የ2017ም ቀሪ 1 ነው። ለ9 ደግሞ ከቀኝ ጀምሮ እያፈራረቁ መቀነስና መደመር ነው፦ 1 ሲቀነስ 4፣ ሲደመር 7፣ ሲቀነስ 3፤ ውጤቱም ቀሪውም 1 ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ የስኩዌሮች፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኙት ቁጥሮች፣ ጉዳይ ነው። የማንኛውም ጎዶሎ ቁጥር ስኩዌር በመሠረት ስምንት ሲጻፍ መጨረሻው 1 ነው፤ የ3 ስኩዌር 11፣ የ5 31፣ የ7 ደግሞ 61 ይሆናል። የተጋማሽ ቁጥር ስኩዌር በ0 ወይም በ4 ያልቃል፤ ስለዚህ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ6 ወይም በ7 የሚያልቅ ቁጥር ስኩዌር ሊሆን ከቶ አይችልም። በተቃራኒው ግን አይሠራም፤ 3741 በ1 ቢያልቅም ስኩዌር አይደለም፣ ስምንት ጨምረን የምናገኘው 3751 ግን፣ ማለትም 2025፣ የ45 ስኩዌር ነው።

እያንዳንዱ የመሠረት ስምንት አኀዝ በትክክል ሦስት ቢት ነው፤ ቢት የምንለው 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዘውን የኮምፒዩተር ትንሹን አኀዝ ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የፋይል ፈቃድን በ755 የምትጽፉት ስለዚህ ነው፤ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ስለሆኑ፣ ለባለቤቱ 7 ስትሰጡት ሦስቱንም ሰጣችሁት ማለት ነው።

አሁን የተወለዳችሁበትን ዓመት በመሠረት ስምንት ጻፉና የአኀዞቹን ድምር ከዓመቱ ላይ ቀንሱ። ከ2017 ላይ 15 ሲቀነስ 2002 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 286 ይደርሳል። የእናንተ ያለ ቀሪ ካልተካፈለ፣ መጀመሪያ የ64 ቤቱን ተመልከቱ፤ እኔ ዘወትር የምሳሳተው እዚያ ላይ ነው።