ማጫወቻውን አጥፍቶ መጫን ውሃ መውቀጥ ነው

«የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ነባር ማጫወቻ የደብሊው ኤም ቪ (የዊንዶውስ ቪዲዮ) ፋይሎቼን አልከፍትም አለ፤ ሦስቴ አጥፍቼ ጫንኩት» ላልከው ወንድሜ፦ አራተኛ ጊዜ አትድከም። ያ ማጫወቻ የታመቀውን ቪዲዮ ራሱ አይፈታም፣ ሥራውን ጂስትሪመር ለሚባል ከበስተጀርባ ለሚሠራ ፕሮግራም ነው የሚሰጠው። የጎደለውም እዚያ ነው።

1. መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ያለውን እወቅ። ቅጥያው ጆንያው ላይ የተጻፈ ስም እንጂ እህሉ አይደለም። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን የቪዲዮ መፍቻ ጫንና ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አብሮት የሚመጣውን ኤፍኤፍፕሮብ ብለህ የፋይሉን ስም አስከትል። «ቪዲዮ» የሚለው መስመር ላይ «ደብሊው ኤም ቪ 3» ካለ ዊንዶውስ ሚዲያ ቪዲዮ 9 ነው።

2. «ደብሊው 32 ኮዴክስ ጫን» የሚሉ መመሪያዎችን እለፋቸው (ኮዴክ ማለት ቪዲዮ መፍቻ ነው)። እነዚያ የዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ዲኤልኤሎች፣ ማለትም የፕሮግራም ክፍሎች ናቸው፤ ባለ 64 ቢት ማጫወቻ አይጭናቸውም። ኤፍኤፍኤምፔግ የዊንዶውስ ሚዲያ 7፣ 8 እና 9ን፣ የሪያልቪዲዮ 3 እና 4ንም ያለ እነሱ ይፈታል። ዛሬም ይህን ለጀማሪ የሚመክር ሰው ያናድዳል።

3. ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ጋ ነው። የጎደሉትን ኮዴኮች የሚያመጣውን፣ ሬስትሪክትድ ኤክስትራስ የሚባለውን የኡቡንቱ ጥቅል ስትጭን መሃል ላይ የፈቃድ ስምምነት ይመጣል። ማውስ ላይሠራ ይችላል፤ «ኦኬ» እስኪደምቅ ታብ፣ ከዚያ ኢንተር ነው። ተቆለፈ ብሎ ተርሚናሉን የዘጋ ሰው ጥቅሉን በግማሽ ይተወዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መጫንም ያስቸግራል። መፍትሔው ተርሚናል ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፦ ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ አንድ ሰረዝ ኤ ነው። የሚገርመው ስምምነቱ የማይክሮሶፍት ፎንቶች ነው፣ ከቪዲዮ ጋር አይገናኝም! ቪዲዮ ብቻ ከፈለግክ ለአንተ ፋይል የጂስትሪመር ሊብአቭና የጂስትሪመር ፕለጊንስ አግሊ ጥቅሎች ይበቃሉ። ጭነህም እንቢ ካለ ማጫወቻውን ዝጋና ከድብቁ ካሽ ፎልደር ውስጥ የጂስትሪመርን ሰርዝ፤ ራሱ መልሶ ይሠራዋል።

ቪኤልሲና ኤምፒቪ የሚባሉት ሌሎች ማጫወቻዎች በጂስትሪመር ሳይሆን በኤፍኤፍኤምፔግ ስለሚሠሩ ይህ ጣጣ የለባቸውም። እነሱ ላይ ድምፅ እየመጣ ምስሉ ከጠቆረ ግን በሃርድዌር መፍታቱን አጥፋ፦ ቪኤልሲ ላይ ቱልስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ኢንፑት/ኮዴክስ። ፌዶራ በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ያላችሁ፣ ነባሩ «ኤፍኤፍኤምፔግ ፍሪ» ተቀናንሶ የመጣ ስለሆነ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን የጥቅሎች ማከማቻ ጨምራችሁ በሙሉው ተኩት።

ፋይሉ በዲአርኤም (ያለ ፈቃድ እንዳይታይ በሚያደርግ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ኮዴክ አይከፍተውም፤ የጎደለው ቁልፍ ነው።