ምድር ብትዞርም ወደ ምሥራቅ እንጸልያለን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ልጄ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም ይማራል። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጥቶ «እማ፣ ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች፤ ፀሐይንም ትዞራለች» አለኝ። በዚያው ሳምንት በስልክ የተላከልንን ቪዲዮ አብረን አየን። ሰባኪው «ምድር ትዞራለች ማለት ክሕደት ነው፤ ዳዊት እንዳትናወጥ አጸናት ብሏል፤ ኢያሱም ያቆመው ፀሐይን እንጂ ምድርን አይደለም» ይላል። ልጄ «ታዲያ ማን ነው የዋሸው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ደግሞስ ምድር የምትዞር ከሆነ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረን የምንጸልየው ምኑን ይዘን ነው? ፈተና ላይ እንደተማረው ቢጽፍስ ኃጢአት ይሆንበታል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጅዎ ይህን ጥያቄ ለእናቱ ማምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎም «ዝም በል» ሳይሉ መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል። «ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ትምህርት ቤት» እየተባሉ ያደጉ ልጆች ኋላ ላይ አንዱን ጥለው ሲሄዱ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጥሉት ደግሞ እኛን ነው።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ መምህርህም አልዋሸም፤ ዳዊትም አልዋሸም። የተሳሳተው በቪዲዮው ያየነው ሰው ነው። ቅዱሱን ቃል ላልተጻፈበት ጉዳይ ምስክር አድርጎ ጠራው።

አሁን ልቤን ወደነካው ጥያቄዎ ልሂድ፤ ወደ ምሥራቅ።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይለናል። ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ማለት ነው። ወደዚያ የምንዞረው ፀሐይን ልናመልክ አይደለም። እግዚአብሔር ገነትን በምሥራቅ ተክሏል። ጌታችን ዳግም መምጣቱን ከምሥራቅ ወጥቶ እስከ ምዕራብ በሚታይ መብረቅ መስሎ ነግሮናል። ነቢዩ ሚልክያስም የጽድቅ ፀሐይ ይወጣላችኋል ብሏል። ስለዚህ ፊታችንን ወደምንጠብቀው ጌታ እናዞራለን።

ታዲያ የምድር መዞር ይህን ያፈርሰዋል? እንዲያውም ምድር ባትሽከረከር ኖሮ ምሥራቅ የሚባል አቅጣጫ ራሱ ባልኖረ ነበር። ምሥራቅ ማለት ምድር ወደ እሱ የምትሽከረከርበት አቅጣጫ ነው። ንጋት ላይ ፀሐይ ወደ እኛ አትመጣም። የቆምንበት መሬት ከነቤተ ክርስቲያኑ፣ ከነጣናው፣ ከነገበሬው በሬ ወደ ምሥራቅ እየተሽከረከረ ወደ ብርሃኑ ይወስደናል። በጸሎተ ነግህ ወደ ምሥራቅ የሚቆም ሰው ፊቱ ምድር ወደምትሄድበት ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲባል ስሰማ ልቤ ከቀድሞው የበለጠ ይነካል።

ይህን ልጅዎ በዓይኑ እንዲያየው ማታ ላይ መብራት አጥፍታችሁ ጧፍ አብሩ። አንድ ብርቱካን አምጡና መሐሉ ላይ አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ ሰኩበት። ቅርንፉዱ በባሕር ዳር የቆመ ሰው ይሁን። የብርቱካኑ እንብርት ወደ ላይ ሆኖ፣ በእናንተ በኩል ያለው ገጽ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። ቅርንፉዱ ከጨለማው ወጥቶ ብርሃኑን ሲያገኝ ነጋ። በማዶ በኩል ወደ ጨለማው ሲገባ መሸ። ጧፉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ቀጥሎ እንብርቱን ትንሽ አዘንብሉት። የምድር ዛቢያ በ23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። እንብርቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ግድግዳ እንዳመለከተ፣ ብርቱካኑን ይዛችሁ ጧፉን ዙሩት። በአንዱ ወገን ስትሆኑ የላይኛው ክፍል ወደ ብርሃኑ ያጋድላል፤ በማዶው ወገን ደግሞ ከብርሃኑ ይሸሻል። ወቅቶች የሚፈራረቁት በዚህ ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀትና ብርድ የሚመጣው ምድር ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን 152 ሚሊዮን ይሆናል። ነገር ግን በታኅሣሥና በጥር አውሮፓ በበረዶ ነው። እግዚአብሔር ከጥፋት ውኃ በኋላ «በጋና ክረምት፣ ቀንና ሌሊት አያቋርጡም» ብሎ ቃል ገባ። ይህ ኪዳን ዛሬም የሚጠበቀው በዚህች ዘንበል ማለትና በዚህ ዙረት ነው።

ጓሮዎ ውስጥ ልታዩትም ትችላላችሁ። አንድ ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ታኅሣሥ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ርዝመቱም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አባቶቻችን የጸሎት ሰዓት የሚለዩት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ነበርና ይህ ለእነሱ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

«ታዲያ ለምን አይሰማንም?» ብሎ እንደሚጠይቅዎ አልጠራጠርም። እናንተ ጋ መሬቱ በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ እየተሽከረከረ ነው። ምድር ፀሐይን በምትዞርበት መንገድ፣ በምሕዋሯ፣ የምትሄደው ደግሞ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቡነ ዘበሰማያትን ረጋ ብለን ስንደግም ግማሽ ደቂቃ ቢወስድብን፣ በዚያች ጊዜ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዘናል። ከጎንደር አዲስ አበባ ካለው መንገድ ይበልጣል። የማይሰማን አካሄዱ ስለማያንገጫግጭ ነው። አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተረጋግቶ ሲበር ሻይ ቀድተው ይሰጡናል፤ አንዲት ጠብታ አትፈስም። እኛም፣ አየሩም፣ ወፎቹም ከምድር ጋር እኩል እየሄድን ነው።

አሁን ወደ ዳዊት። «እንዳትናወጥ» የሚለውን ቃል ቆም ብለን እንመልከተው። ነውጥ ሌላ፣ ዙረት ሌላ። በንግሥ በዓል ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። መዘምራኑ ከፊት፣ ምእመናኑ ከኋላ ናቸው። ይህን ዑደት እንለዋለን። ነውጥ ያለው ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ከዚያ የበለጠ ሥርዓት ያለው ምን አለ? ዳዊት በሌላ መዝሙሩ ስለ ራሱም «በቀኜ ነውና አልታወክም» ብሏል። ግን ዳዊት አንድ ቦታ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነበር? ከሳኦል ፊት ከዋሻ ዋሻ ሲሸሽ ኖሯል። አልታወክም ሲል፣ ከያዘኝ እጅ አልወጣም ማለቱ ነው። ምድርም ጸንታለች። ከተሰጣት መንገድ አትወጣም።

ኢያሱ «ፀሐይ በገባዖን ትቁም» ሲል ደግሞ የተናገረው እንደ ጸሎተኛ ሰው ነው። በጦርነት መሐል ነበር፤ ብርሃን እንዳይጠፋበት አምላኩን ለመነ። ያየውን በሚያየው ቋንቋ ተናገረ። ዛሬ የአየር ጠባይ ባለሙያ እንኳ «ፀሐይ በ12 ሰዓት ትወጣለች» ይላል፤ ማንም አላዋቂ አይለውም። ተአምሩ ግን ተአምር ነው፤ አምናለሁ። ሁሉን የፈጠረ አምላክ ያን ቀን እንዴት እንዳስረዘመ መጽሐፉ አልነገረንም፤ እኔም አልጨምርበትም።

በዚህኛውም ወገን ያለውን ስሕተት ልንገርዎ። አንዳንዶቻችን ኢዮብ ምድር በባዶ ላይ ተንጠልጥላለች ማለቱን እንጠቅስና «ሳይንስ ያገኘውን መጽሐፍ ቅዱስ ቀድሞ ተናግሯል» እያልን እናስጨበጭባለን። አልወደውም። ኢዮብ የተናገረው በአምላኩ ታላቅነት ተደንቆ እንጂ ፊዚክስ ሊያስተምር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ሲሰብክ ይህን ነገር አንሥቶታል። በዘመኑ ሊቃውንት የምድር ዙሪያዋ 180,000 ስታድያ (የጥንት የርዝመት መለኪያ) ነው እያሉ ይለኩ ነበር። ባስልዮስ ሙሴ ስለ ልኩ ዝም ያለው ለነፍሳችን ስለማያስፈልግ ነው ብሏል። ከ1,600 ዓመት በፊት እንዲህ ያለ መልስ የሰጡ አባቶች እያሉን የምንደነግጠው ለምንድን ነው?

መጽሐፈ ሔኖክንም የሚያነሣብዎ ይኖራል። እዚያ ላይ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ደጆች ትወጣለች፣ በምዕራብም በስድስት ትገባለች ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ቦታ ሆኖ የንጋቷን ስፍራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ጠጋ ብላ ትወጣለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ ከዚያ ትመለሳለች። ያው የብርቱካኑ ማዘንበል ነው።

እኔ ራሴ የምድርን መንገድ መጀመሪያ ያየሁት በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በመስከረም ለማኅሌት ስንነሣ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ሦስት የተደረደሩ ከዋክብት ከምሥራቅ ብቅ ይሉ ነበር። ለቆሎ ተማሪ ሰዓት የለውምና እነሱን እናይ ነበር። በታኅሣሥ አጋማሽ እነዚያው ከዋክብት ገና እንደመሸ ይወጣሉ። በጣም ይገርመኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ምድር በዛቢያዋ አንድ ጊዜ ዞራ የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ፀሐይን እየዞረች ስለሆነ፣ እንደገና ከፀሐይ ፊት ለፊት ለመድረስ 4 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። ስለዚህ ከዋክብት በየቀኑ 4 ደቂቃ ቀድመው ይወጣሉ። በ90 ቀን 6 ሰዓት ይሆናል። በብርድ፣ በዳባዬ ተጠቅልዬ የማያቸው እነዚያ ከዋክብት የምድርን ጉዞ ይቆጥሩልኝ ነበር።

የዘመን ቆጠራችን፣ ባሕረ ሐሳብም፣ ይህንኑ ጉዞ ነው የሚቆጥረው። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው ይላል። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ስለሆነ፣ 15ቱ የቀን ሩብ ናቸው። አራት ሩብ ሲጠራቀም በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ወቅቶች ዙራቸውን የሚጨርሱት ግን ከዚህ 11 ደቂቃ ያህል ቀድመው ነው፤ ልዩነቱ በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ይህን ስነግራቸው ቅር የሚላቸው አሉ። እኔን ግን አባቶቻችን ያለ መነጽርና ያለ ኮምፒዩተር እዚህ ድረስ መድረሳቸው ያስደንቀኛል።

ምድር ፀሐይን ትዞራለች በማለቱ ጋሊሊዮ የተባለ ሊቅ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተጣላ የሚባለው ታሪክ የምዕራቡ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1633 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ፈረደችበት፤ በ1992 ጳጳሷ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስሕተት እንደነበረ ተናገሩ። ከእሱ በፊት በ1543 ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን መጽሐፉን ያሳተመው ኮፐርኒከስ ራሱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። በ1851 ደግሞ ፉኮ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ፣ ለቤተ ክርስቲያንነት በተሠራ ትልቅ ሕንፃ ጉልላት ሥር፣ 67 ሜትር ሽቦ አንጠልጥሎ 28 ኪሎ የሚመዝን ክብደት አወዛወዘ። የሚወዛወዝበት መስመር በየሰዓቱ ቀስ እያለ ዞረ። መስመሩን የሚገፋው አልነበረም፤ ከሥሩ የምትዞረው ምድር ነበረች። ልጅዎ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።

ሰባኪውን በተመለከተ፣ በልጁ ፊት አይስደቡት። «ተሳስቷል» ይበሉና ይለፉት። ቪዲዮውንም ለሌላ ሰው አያስተላልፉት።

ፈተናውንም ያለ ፍርሃት ይጻፍ። ምድር በዛቢያዋ ትሽከረከራለች፤ ፀሐይንም ትዞራለች ብሎ ይጻፍ። ኃጢአት የለበትም። የሚቀጥለው እሑድ ለኪዳን ስትሄዱ ትንሽ ቀደም በሉና ቅጥር ግቢው ውስጥ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አድርጋችሁ ቁሙ። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር እጁን ይያዙትና «አሁን እየሄድን ነው» ይበሉት።