ምርጫ ጥያቄውን ያልፋሉ፣ ማስረጃ ሲፈልጉ ግን ይቸገራሉ

ጥያቄ፦ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምናን አስተምራለሁ። በምርጫ ጥያቄ ጥሩ ውጤት ያመጣሉ፤ በኮርሱ መጨረሻ በምናስሞላው መጠይቅም «በችሎታዬ እተማመናለሁ» ይላሉ። ዋርድ ገብተው ስለ አንድ ታካሚ ማስረጃ እንዲያመጡ ስጠይቃቸው ግን ግራ ይጋባሉ። ፈተናዬ ምን ጎደለው?

መልስ፦ መጀመሪያ መጠይቁን ከውጤቱ ያውጡት። ተማሪ ስለ ራሱ የሚሰጠው ግምት በተግባር ከሚታየው ችሎታው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና አምስት ደረጃ አለው፦ ጥያቄ መቅረጽ፣ ማስረጃ መፈለግ፣ መመዘን፣ ለታካሚው ማዋልና የራስን አሠራር መገምገም። የምርጫ ጥያቄ በአብዛኛው የሚይዘው መመዘንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «የበርሊን መጠይቅ» የሚባለው የዕውቀት ፈተና 15 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ለማረም ይቀላል፣ ፍለጋን ግን አይፈትሽም። በ2003 የታተመው የፍሬስኖ ፈተና የታካሚ ታሪክ ሰጥቶ ተማሪው በራሱ ቃል እንዲጽፍ ያደርጋል፤ የሚታረመው ከ212 ነው። ለእርስዎ ችግር የሚቀርበው ይኼኛው ነው። ለሐኪሞች የተሰናዳ በመሆኑ ለፊዚዮቴራፒና ለኦኩፔሽናል ቴራፒ የተስተካከሉ ቅጂዎች ወጥተውለታል። እርማቱ ጊዜ ይበላል፤ ደግሞም ስለ ፍለጋ ያስጽፋል እንጂ ተማሪው ሲፈልግ አያሳይም።

ስለዚህ 40 ደቂቃ የሚፈጅ የተግባር ፈተና ይጨምሩ። ኢንተርኔት ክፍት ይሁን። ተማሪው ጥያቄውን፣ ከፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች ከሚፈለጉበት ድረ ገጽ) የገለበጠውን የፍለጋ ታሪክ፣ የመረጠውን አንድ ጥናትና የመረጠበትን ምክንያት ያስረክብ። የፍለጋ ታሪኩ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ጥናቱን በዕድል ያገኘውን አውቆ ካገኘው አይለዩም።

ጥያቄውን ከ0 እስከ 4 ያርሙ፤ ለታካሚው ዓይነት፣ ለሕክምናው፣ ለማነጻጸሪያውና ለውጤቱ አንድ አንድ ነጥብ። «ለደም ግፊት የቱ መድኃኒት ይሻላል?» ቢበዛ 1 ያገኛል። «ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ የደም ግፊት ታካሚዎች ላይ ዳይዩሬቲክ ከቤታ ብሎከር ይልቅ ስትሮክን ይቀንሳል?» 4 ይገባዋል።

ፍለጋው ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ተመሳሳይ ቃላትን በ«ወይም» (OR) አለማያያዝ። ሦስተኛውና ጎበዞቹን ጭምር የሚጥለው የጥያቄውን አራቱንም ክፍሎች በ«እና» (AND) ማሰር ነው፤ የውጤቱ ቃል በብዙ ጥናቶች አጭር መግለጫ ላይ ስለማይጠቀስ ጥሩዎቹ ጥናቶች ተንጠባጥበው ይቀራሉ። በታካሚውና በሕክምናው ጀምሮ ቀስ በቀስ ያጠበበ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።

ስሌቱንም አንድ እርምጃ ያስኪዱት። ያለ መድኃኒቱ 10%፣ ከመድኃኒቱ ጋር 8% ታመሙ እንበል። ተማሪው «በ20% ቀነሰ» ብሎ ያቆማል። ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። ልዩነቱ ከ100 ሰው 2 ብቻ መሆኑን፣ አንድ ሰው ከሕመሙ እንዲተርፍ 50 ሰው መታከም እንዳለበት ካልጻፈ ለታካሚ የሚነግረው ነገር የለውም።

ለእርማቱ ሁለት መምህራን የመጀመሪያዎቹን 10 ወረቀቶች ሳይነጋገሩ ያርሙ። ነጥባቸው የተራራቀበት ቦታ የማረሚያ መመሪያው ያልጠራበት ስለሆነ እሱን አስተካክለው ይቀጥሉ። ከኮርሱ በፊትና በኋላ የሚፈትኑ ከሆነ በክብደት የተመጣጠኑ ሁለት የተለያዩ የታካሚ ታሪኮች ያዘጋጁ፤ አንዱን ከደገሙት የሚለኩት ትዝታን ይሆናል።

ጥያቄ፦ በቡድን የሚያቀርቡትን የጆርናል ክለብ (አንድ የታተመ ጥናት አንብቦ የመወያየት ዝግጅት) ለዚሁ ብንቆጥረውስ?

መልስ፦ ለቡድኑ የተሰጠ ነጥብ የማንን ችሎታ እንደለካ አይታወቅም፤ ንግግር የሚሳካለትም ሌላውን ይሸፍናል። መተው ግን አያስፈልግም። ካቀረቡ በኋላ እያንዳንዱን ለ5 ደቂቃ ለብቻው ይጥሩት፣ ከጥናቱ አንድ ሠንጠረዥ ፊቱ ያስቀምጡና «ይህ ቁጥር ለዚህ ታካሚ ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁት። የግል ውጤቱ ከዚያ ይያዝ።