እሁድ ተረኛ ለሆናችሁ

የእህቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ሰሞን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አክስቴ፣ እሁድ እሁድ ድርብ ፈረቃ ነው የምሠራው። ካስቀደስኩ ቆየሁ። ቤት ስገባ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ ሳልደግም ነው እንቅልፍ የሚጥለኝ። እንዲህ ሆኜ ክርስቲያን ነኝ ልበል?» ከጀርባዋ የአውቶቡስ ድምፅ ይሰማል። ከአንዱ ሥራ ወጥታ ወደ ሌላው እየሄደች ነበር።

ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እሁድን ዋርድ ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ጥያቄዋ የቀሰቀሰብኝ ያረጀ ጸጸት ነው ያስቸገረኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው፣ ለሌሎቻችሁም ይድረስ አልኩ። ለነርሱም፣ ለሾፌሩም፣ ለጥበቃውም፣ ሰው ሲያርፍ ለምትሠሩ ሁሉ።

ጸልዩ፣ ጹሙ፣ መጽሐፍ አንብቡ አልላችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ከኔ የተሻሉ ሰባኪዎች ሞልተዋል። (ጆሮው ላይ ስብከት ሰክቶ በሽተኛ ሲጠራው የማይሰማ ወጣት ነርስ አይቻለሁ። የሱን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ጊዜው 1975 ዓ.ም. ነው። ከትምህርት ቤት በወጣሁ በጥቂት ጊዜ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሴቶች ዋርድ ተመደብኩ። በሽተኛው ብዙ፣ ነርሱ ጥቂት ነበር። ሥራውን ከሥሩ የሚያውቁት ድሬሰሮቹ፣ ማለትም ቁስል የሚያጥቡት፣ መርፌ የሚወጉት የጤና ረዳቶች ናቸው። ዛሬ ይህን የሥራ ስም የሚያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ከነሱ አንጋፋውን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ደም ሥር በማግኘት ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሕፃን ልጅ ላይ ጉሉኮስ መሰካት ሲያስቸግር ዶክተሮቹ ራሳቸው «ጋሼን ጥሩልኝ» ይላሉ።

አንድ ነገራቸው ግን ያናድደኝ ነበር። ሰዓታቸው ሲደርስ ይወጣሉ።

ርክክብ ላይ ከአልጋ አልጋ ይዘውኝ ይዞራሉ። ይህቺ ሌሊቱን ሲያልባት አድሯል። ያቺ ሽንቷ ቀንሷል። ይህቺ ደግሞ ባሏ ቀረባትና ታለቅሳለች፤ ማስታገሻ አትስጫት፣ ትንሽ አጫውቻት። ሲጨርሱ «ተረክበሻል?» ይሉኛል። «ተረክቤያለሁ» ካልኩ ጋውናቸውን ይሰቅላሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። አማትበው ይሄዳሉ፣ ዞር ብለው እንኳ አያዩም።

እኔ ሰዓቴ ካለፈም በኋላ እዚያው ነኝ። ያስረከብኩትን መልሼ አያለሁ። የተሰጠ መድኃኒት መሰጠቱን እንደገና እጠይቃለሁ። የሌሊት ተረኛዋ ታኮርፈኛለች። ይህን ትጋት እለው ነበር። የሳቸውን ደግሞ ደንታ ቢስነት።

ነሐሴ ገባ። ጋሼ የዕረፍት ቀናቸው ላይ ሳሉ አንዲት ሴት ከገጠር መጣች። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ያኔ ሕክምናው ዓመት የሚፈጅ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ አለው። ሴትየዋ አጥንቷ ወጥቷል። መርፌውን ትወጋለች፣ ክኒኑን ትውጣለች። ወተቱን ግን አትነካም። እንቁላሉንም። ጠዋት ከሆነ ዳቦውንም አትቀምስም። «ፍልሰታ ነው» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

ፍልሰታን ታውቋታላችሁ። ሌላውን ጾም የሚያልፈው ሰው እንኳ እሷን አያልፋትም። ሕፃናት ሳይቀሩ ለመቁረብ የሚሰለፉባት ጾም ናት። ለዚያች ሴት በፍልሰታ ወተት ጠጪ ማለት ምን እንደሆነ መገመት ያቅተኛል ማለት አልችልም። እኔም ያደግሁት እዚያው ውስጥ ነው።

ግን ጮህኩባት። «አንቺ ሴት፣ ካልበላሽ እኮ ትሞቻለሽ!» አልኳት። ዋርዱ ሙሉ እየሰማ ነው። አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወተቱ በመጣ ቁጥር እንዲያ ነው። በሪፖርት መዝገቡ ላይ «ምግብ አልቀበልም ብላለች» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ አልተቀበለችም።

ጋሼ ከዕረፍት ተመለሱ። በርክክቡ ላይ «እሷ እንቢተኛ ናት» አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። በኋላ በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ወተት ቃል አልተነፈሱም። የየት አገር ሰው እንደሆነች ጠየቋት። ከብቶቹን ማን እንደያዘላት ጠየቋት። ዘንድሮ ዝናቡ እዚያ እንዴት እንደያዘው ጠየቋት። እኔ እነዚያን ሁሉ ቀናት ከብት ይኑራት አይኑራት አላውቅም ነበር። ከዚያ «የንስሐ አባትሽ ማን ናቸው?» አሏት።

ፊቷን ከግድግዳው ያዞረችው ያኔ ነው። «ሩቅ ናቸው፣ ቆላ» አለች። «ሌላ አባት ባመጣልሽስ?» ዝም አለች። እንቢ ግን አላለችም።

የዚያን ዕለት ፈረቃቸው ሲያልቅ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭቃው አያስኬድም። ቀኑ ሊመሽ ሲል ጃንጥላ የያዙ ቄስ አስከትለው መጡ። ቄሱ አጠገቧ ቁጭ ብለው በዝግታ አነጋገሯት። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ የኔም ጉዳይ አልነበረም። መጨረሻ ላይ በመስቀላቸው ባርከዋት «ለመድኃኒት ነው፣ ጠጪ። በእኔ ይሁን። ሲሻልሽ ለነዳያን ትዘክሪያለሽ» ሲሏት ነው የሰማሁት። ወተቱን ጠጣች። እንባዋ ኩባያው ውስጥ ይወርዳል፣ ግን ጨረሰችው። ጋሼ ኩባያውን ተቀብለው አጠቡት። «ተረክበሻል?» አሉኝ። ሄደው ተኙ።

አያችሁ፣ እኔም እሳቸው የሚያውቁትን ሁሉ አውቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ጾም እንደማታስገድድ አውቃለሁ። እናቴ የንስሐ አባቷን ሳትጠይቅ ስለት እንኳ አትሳልም ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ግን ጋውኑን ስለብስ ያንን ሁሉ በር ላይ ጥዬው ነበር የምገባው። ሴትየዋ በመስከረም መድኃኒቷን ይዛ ወጣች። ይቅር በይኝ ሳልላት ቀረሁ። መርፌ ስወጋት «ዞር በይ» ከማለት በቀር ከሷ ጋር የተነጋገርኩት ትዝ አይለኝም። ልቤ ውስጥ የቀረው ይሄ ነው። የእህቴ ልጅ «ክርስቲያን ነኝ ልበል?» ስትለኝ የታየችኝ ያቺ ወደ ግድግዳ የዞረች ሴት ናት።

ስለ ጋሼ ከጀመርኩ አይቀር አንድ ልጨምር። የሰንበቴያቸው ሙሴ ነበሩ። የከተማ ልጆች ስለሆናችሁ ልንገራችሁ፦ ሰንበቴ ማለት ምእመናን ተራ እየገቡ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳቦና ጠላ የሚያቀርቡበት ማኅበር ነው። ቄሱ ይባርካሉ፣ አባላቱ አብረው ይቀምሳሉ፣ ነዳያን ይበላሉ። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ ነው። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራ ነበር። አጋጣሚ አይመስለኝም። ጋሼ ግን በሌሊት አስቀድሰው፣ ስብሰባውንም ተገኝተው፣ ከሰንበቴው የተረፈውን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ዋርድ ይመጣሉ። በኮባ የተጋገረ ዳቦ ነው፤ ሽታው ኮሪደሩን የአልኮሉን ሽታ ያስረሳዋል። የሚሰጡት አስታማሚ ለሌላቸው ነው። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም እኩል ይደርሳታል፣ ወሎ ነዋ። ረመዳን ላይ ደግሞ አልበላም ያለች በሽተኛ ስትኖር ሼኩን ነበር የሚያስጠሩት። አካሄዳቸው አንድ ነው።

ወደ ሰንበቴው ብዙ ጊዜ ጠርተውኝ ነበር። ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ እላለሁ። በተረኝነት ባልሆንበት እሁድም።

ብዙ ቆይቼ አንድ ነገር አነበብኩና ጋሼ ትዝ አሉኝ። አጼ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በሃይማኖት ሲሞግቷቸው የእምነት መግለጫ ጽፈዋል። ቅዳሜን በማክበራችሁ አይሁድ ናችሁ ተብለው ነበር። ቀድሞም በሰንበት ጉዳይ እኛው ለእኛው ስንጨቃጨቅ ኖረን ነው በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ የተባለው። ንጉሡ ሲመልሱ፣ እኛ በቅዳሜ ውኃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት አይሁድ አይደለንም፤ ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናደርግበታለን ይላሉ። ሰው ሰንበትን የሚያከብረው ባለመሥራት ይመስለኝ ነበር። ባለመሥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተረኛ ነርስ ምን ይውጣት? ንጉሡ የጻፉት ግን ስለ ማዕድ ነው። የጋሼ ዳቦ እዚያ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ለልጄ መልስ።

ሽማግሌውን ስታጥቢ፣ ልብሱን ስትቀይሪ፣ ማታ ብርድ ልብሱን ስታስተካክዪለት «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለው የወንጌል ቃል አንቺን ይመለከታል። ደሞዝ ስለተከፈለሽ ከዚያ አትወጪም። ጋሼም ደሞዝተኛ ነበሩ። ቅዳሴው አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ያስፈልጋል። ፈረቃሽን አለዋውጠሽ በወር አንዴ እንኳ ሂጂ። ግን ሥራ ላይ የዋልሽበትን እሁድ ከእግዚአብሔር የተሰረቀ አድርገሽ አትቁጠሪው።

ስለ እንቅልፉ ደግሞ፣ ተኚ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አልጋሽ ላይ ሆነሽ አንዴ አማትቢና ተኚ፣ በቃ።

ድርብ ፈረቃው ላይ ግን አልስማማም። አንዱን ተይው። ኪራይሽን እኔ እንደማልከፍልልሽ አውቃለሁ፣ ቀላል አድርጌ እንዳልናገር። ነገር ግን በስልክ ሳወራሽ ሁለተኛውን ሥራ የያዝሽው ለኪራይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገ የሆነ ነገር ይመጣል የሚል ፍርሃት አለብሽ። እኔም ያስረከብኩትን ዋርድ እንድዞር የሚያደርገኝ እሱ ነበር። ትጋት አልነበረም። እኔ ከሌለሁ ሰው ይሞታል ብዬ አምን ነበር። ነገሩን አሳንሼ ነው እንጂ ራሴን በእግዚአብሔር ቦታ ነው ያስቀመጥኩት።

አንድ አስተዋይ አንባቢ «ጋሼስ ዕረፍታቸውን ትተው በዝናብ ቄስ ፍለጋ አልሄዱም?» ሊለኝ ይችላል። ሄደዋል። ሰዓታቸው ሲደርስ የሚወጡ ሰው ነበሩ፣ የዚያን ቀን ግን አልወጡም። ሁለቱን ማስታረቅ አልችልም። ምናልባት ሌላውን ቀን በደንብ ስለተኙ ይሆናል ጉልበት የተረፋቸው።

እናንተ ወጣቶች በአንድ ነገር ከኛ ትሻላላችሁ። ፈቃዴ ነው፣ ዕረፍቴ ነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። እኛ እናፍር ነበር። ግን የዕረፍት ቀናችሁን አይቻለሁ። አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ስልክ ስትገፉ ትውላላችሁ፣ ማታ ከሥራ ቀን ይልቅ ፊታችሁ ጠቁሮ ትነሣላችሁ። ሰው ዘንድ ሂዱ። የታመመ ጎረቤት አይጠፋም። ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን። ጽዋ የሚጠጡ ሴቶች ከበራችሁ ፊት ለፊት አሉ፤ ወጣት ይምጣልን ብለው የሚለምኑ ናቸው፣ አያባርሯችሁም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ከልጄ ጋር ያልተቋጨ ጭቅጭቅ አለን። ለዝክር ብር ትልክልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ከዚያ «ነዳያኑ ሲበሉ ፎቶ ላኪልኝ» ትለኛለች። አልክም። ብላ የተባለ ሰው ጉርሻ ይዞ አፉን ሲከፍት ፎቶ መነሣት የለበትም። አንቺም ብትሆኚ ያን ፎቶ ካላየሽ አልተሰጠም ብለሽ እንቅልፍ የምታጪ ከሆነ ያስረከብሽውን ዋርድ እየዞርሽ ነው። እኔ ተረክቤያለሁ። የሚቀጥለው ኅዳር 12፣ የሚካኤል ነው። ብሩን ቀደም አድርገሽ ላኪው፤ የጤፉን ዋጋ የምታውቂው ነው።