ደሙን አትጠብቂ

እህቴ፣ «ኢቦላ ማዕከል ልመደብ ነው፤ ቫይረሱ ሰውነትን ምን ያደርገዋል? ደም መፍሰስ የሚጀምረውስ በስንተኛው ቀን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። እኔም እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ አፍሪካ ለነርስነት ስሄድ ይቺኑ ይዤ ነው የሄድኩት። የመከላከያ ልብሱን አወላለቅ እዚያው እስክታለቅሺ ያለማምዱሻል፣ እሱን ልዝለለው።

1. ደም አትጠብቂ። «ደም አፍሳሽ ትኩሳት» የሚለው ስሙ ነው ያሳሳተን። በዚያ ወረርሽኝ በግልጽ ደም የፈሰሰው ከአምስት ታማሚ አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚሞተው ፈሳሹ አልቆ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ ሥራ አቁመው ነው።

2. ቫይረሱ መጀመሪያ የሚይዘው ዘበኞቹን ነው። ማክሮፋጅና ዴንድሪቲክ የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ማለቴ ነው። ኢንተርፌሮን የሚባለውን የሰውነት ጩኸት ያፍንና በእነሱው ተሳፍሮ ወደ ንፍፊት፣ ጉበትና ጣፊያ ይሄዳል። የተያዙት ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይረጫሉ፣ የደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ። ደም የሚያረጋ ነገርም ይለቃሉ። ስለዚህ ደሙ በየቀጫጭኑ ሥር ውስጥ ይረጋል፣ ማርጊያው በከንቱ ያልቃል። ጉበት ደግሞ ተጎድቷል፣ ሌላ አያመርትም። መርፌ የወጋሽበት ቦታ አልደርቅ የሚለው ያኔ ነው። አየሽ፣ ደሙ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው ያለው።

3. መጀመሪያ «ደረቁ» ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ድካም። ወባ ነው ብለሽ ትምያለሽ። ከጥቂት ቀን በኋላ «እርጥቡ» ይመጣል፤ ትውከትና ተቅማጥ፣ አንዳንዱ ላይ በቀን 5 ሊትርና ከዚያ በላይ። ስቅታና የቀላ ዓይን ካየሽ ደግሞ...

እዚህ ጋ የኔን ጉድ ልንገርሽ፣ ቁጥሩ ይቅር።

አንድ ወጣት ትኩሳት በጀመረው በሁለተኛው ቀን መጣ። ደሙ ተመረመረ፣ ኔጌቲቭ። እኔም ደስ ብሎኝ ከተጠርጣሪዎች ክፍል አስወጣሁት፣ መደበኛ ክፍል ገባ። ምልክቱ ከጀመረ ሦስት ቀን ሳይሞላው ቫይረሱ ደም ውስጥ በዝቶ ላይገኝ ይችላል። ኔጌቲቭ ቢባልም ምልክቱ ከጀመረ 72 ሰዓት ካለፈ በኋላ መደገም ነበረበት። አውቀው ነበር እኮ! ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ።

በማግስቱ ስቅታ ያዘው። ሆዴ ፈራ፣ ሁለተኛ ናሙና ላክሁ። የላቦራቶሪው ተቀባይ ቅጹን ገፋ አድርጎ «አንዴ ኔጌቲቭ ብለናችኋል፣ ምርመራ መጫወቻ መሰላችሁ?» አለኝ። ዓይኔን እንኳ አላየኝም። እኔም ዝም ብዬ ተመለስኩ። ከሰውየው ስድብ ይልቅ የራሴ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ተረኛ ተቀበለኝ፤ ፖዘቲቭ። አብረውት የተኙት ሁለት ሰዎች 21 ቀን ክትትል ውስጥ ገቡ። እግዜር ይመስገን፣ ሁለቱም አልታመሙም።

ልጁን ግን አልለቀቅሁትም። የጠጣውን፣ ያስታወከውን፣ በግሉኮስ የገባለትን በሊትር እየቆጠርኩ ግድግዳ ላይ ጻፍኩ። ያኔ መድኃኒቱ ይኸው ነበር፤ የወጣውን መተካት። ዳነ። ቆጠራዬን በኋላ መላው ማዕከል ወሰደው፣ የማን ሐሳብ እንደነበር ግን ማንም አላነሳም፤ ይሁን። ከሳምንታት በኋላ ልጁ አንድ ዓይኑ ቀልቶ፣ መገጣጠሚያው አሞት ተመለሰ። ቫይረሱ ከደም ከጠፋ በኋላም ዓይን ውስጥና የወንድ ዘር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። «ድኗል» ብለሽ ፋይሉን አትዝጊ።

አንቺ ከኔ ይሻልሻል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የጸደቁ ሁለት የፀረ እንግዳ አካል ሕክምናዎች አሉ። ግን ዛየር ለሚባለው የኢቦላ ዝርያ ብቻ ናቸው፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ገና በበሩ ጠይቂ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ስጪ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ይቅሩ።

ናሙና ስትልኪ ደግሞ የተወሰደበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን በትልቁ ጻፊ። የኛ ቅጽ ላይ ቦታ አልነበረውም። ያንቺም ከሌለው ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፊው፤ ተቀባዩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።