የአንባቢያን ጥያቄ፦ እነዚያ የእንግሊዝ መኪኖች የት ገቡ?

በዚህ ዕትም ስለ ድሮ የእንግሊዝ መኪኖች የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ የኋላ አካሏ በእንጨት የተዋቀረ ትንሽ አረንጓዴ መኪና አለቻቸው። ፀሐይ በወጣ ቁጥር እንጨቷን ቫርኒሽ ይቀቧታል። ልጄ «እንጨቱ ለጌጥ ነው፣ ሥሩ ላሜራ ነው» ይለኛል። እኔ ግን እንጃ። መኪናዋ ምን ትባላለች? (ከለንደን)

መልስ፦ ሞሪስ ማይነር ትባላለች። የእሳቸው ደግሞ ትራቬለር የተባለው ዓይነት ነው። እንጨቱ የምር እንጨት ነው፤ አሽ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ የተሠራ። የኋላውን አካል የተሸከመው እሱ ስለሆነ ከበሰበሰ መኪናዋ ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ አታልፍም፤ እኛ አገር ለቦሎ የሚደረገውን ዓይነት ምርመራ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ቫርኒሽ የሚቀቡት ለውበት ብቻ አይደለም፣ መኪናቸውን በሕይወት ለማቆየት ነው።

ማይነር ለሕዝብ የታየችው በ1948 በለንደን የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ንድፏን ያወጣው አሌክ ኢሲጎኒስ ይባላል፤ ሰምርኔስ ተወልዶ፣ በ1922 ከተማዋ ስትቃጠል ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ እንግሊዝ የገባ መሐንዲስ። የኩባንያው ባለቤት ሎርድ ኑፊልድ መኪናዋን ሲያዩ አልወደዷትም፣ ያለ ቅርፊቱ በውኃ የተቀቀለ እንቁላል ትመስላለች አሉ ይባላል። ኢሲጎኒስ ራሱም አንድ ነገር ቅር ብሎት ነበር። ጠበበችበት። ምርት ሊጀመር ሲል ናሙናዋን ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት አስሰንጥቆ፣ ግማሾቹን ዓይኑ ደስ እስኪለው ድረስ ቀስ በቀስ አራራቀ። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፋች። ግን የፊትና የኋላ መከላከያዎቹ አስቀድመው ተሠርተው ስለነበር መኻላቸው ተቆርጦ በቁራጭ ብረት ተቀጠለ። እስቲ ሲመችዎ የጎረቤትዎን መኪና ኮፈን ከፊት ለፊት ይዩት፤ መኻሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሰፊ መስመር አለ። የተጨመረችው 10 ሴንቲ ሜትር እሷ ናት።

አንድ ሚሊዮን የደረሰች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ መኪና ማይነር ናት። ይህን ለማክበር 350 ያህሉ ፈዛዛ ሐምራዊ ተቀብተው ወጡ። የመንደር ነርሶች፣ ፖስታ ቤት፣ ፖሊስ፣ ሁሉም በእሷ ይሠሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰማያዊና ነጭ የፖሊስ መኪና ብዙ ቦታ ማይነር ነበር።

ጥያቄ፦ ሚኒ ለምንድን ነው እንዲህ የተወራላት? እኔ ሳያት ትንሽ መኪና ናት፣ በቃ። ደግሞ አሁን ጀርመኖች የሚሠሯት ያቺው ናት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያቺው አይደለችም። ቢኤምደብሊው የሚኒ ባለቤት የነበረውን የእንግሊዙን ሮቨር ኩባንያ በ1994 ገዛ፣ በ2000 ሲሸጠው የሚኒን ስም ለራሱ አስቀረ። በ2001 የወጣችው አዲስ መኪና ናት፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ትሠራለች። ዋናዋ ሚኒ ከነሐሴ 1959 እስከ ጥቅምት 2000 ተመርታ 5.3 ሚሊዮን ከሞላች በኋላ አበቃች።

«ትንሽ መኪና ናት፣ በቃ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም ወንድሜ። በ1956 ግብፅ የሱዌዝን ቦይ ስትወርስ ጦርነት ተነሣ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ እንግሊዝ ውስጥ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ሰው ከጀርመን የሚመጡትን ጥቃቅን መኪኖች መግዛት ጀመረ። ሞሪስና ኦስቲን ተዋሕደው የመሠረቱት የቢኤምሲ ኩባንያ አለቃ ሊዮናርድ ሎርድ እነዚያን መኪኖች ማየት አይወድም ነበር። ኢሲጎኒስን ጠርቶ እነሱን ከመንገድ የሚያስወጣ፣ ትንሽ ግን ትክክለኛ መኪና ሥራልኝ አለው። አዎ፣ ያው የማይነሩ ሰው።

ኢሲጎኒስ ሞተሩን በአግድም አስቀመጠው። ካምቢዮውን ደግሞ ከሞተሩ ሥር፣ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ከተተው። የፊት ጎማዎቹ እንዲጎትቱ አደረገ፣ ጎማዎቹንም 10 ኢንች ብቻ አደረጋቸው፣ በባሌስትራ ፋንታ ላስቲክ ተጠቀመ። በዚህ ሁሉ ምክንያት 3 ሜትር ከምናምን የምትረዝም መኪና 4 ሰው ከነሻንጣው ያዘች። ዛሬ መንገድ ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ሞተራቸው በአግድም ነው፣ የሚጎትቱትም በፊት ጎማ ነው። ይህን መንገድ በብዛት የከፈተችው ሚኒ ናት፣ ለዚህ ነው የሚወራላት።

ችግርም ነበረባት። የመጀመሪያዎቹ ዝናብ ሲዘንብ ወለላቸው ውኃ ይይዝ ነበር። ዋጋዋ ከነታክሱ ከ500 ፓውንድ በታች ስለነበር ፎርድ አንዷን ገዝቶ ብሎን በብሎን ፈትቶ ሲያሰላ፣ ቢኤምሲ በእያንዳንዷ ላይ 30 ፓውንድ ያህል ይከስራል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ ይባላል። ሕዝቡ ግን በ1964፣ በ1965ና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ስታሸንፍ አየ። በ1966ም ከፊት ጨርሳ ነበር፣ በመብራቷ ሰበብ ከውድድር ሰረዟት። ይሄ ነገር እስካሁን ያናድዳል።

ጥያቄ፦ አማቴ እንግሊዛዊ ናቸው። ቡና ላይ ሁሌ የሚያወሩት ስለ ፎርድ ኮርቲና ነው። በልጅነታቸው ሰፈሩ ሁሉ ኮርቲና ነበር ይላሉ። እኔ ግን ሊድስ ስኖር አንድም አይቼ አላውቅም። ያን ያህል ከነበረ የት ገባ? (ከሊድስ)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለላክሽው አመሰግናለሁ፣ የዚህ ዓምድ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

አማትሽ አላጋነኑም። ኮርቲና በ1962 ወጣ፣ እስከ 1982 በ5 ትውልድ ተሠራ፣ የ1970ዎቹን አብዛኛውን ዓመት በእንግሊዝ በሽያጭ አንደኛ ነበር። ስሙ የክረምት ኦሊምፒክ ከተካሄደባት የጣሊያን ከተማ የተወሰደ ነው። ያን ጊዜ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ይገድብ ስለነበር ድርጅቶች ለሠራተኛ በደመወዝ ፋንታ መኪና መስጠት ጀመሩ፣ የሚሰጡትም ብዙውን ጊዜ ኮርቲና ነበር። ከኋላው የተለጠፈው ፊደል የሰውየውን ማዕረግ ይናገራል። ኤል ከሆነ ተራ ሻጭ ነው። ጂኤክስኤል ከሆነ አለቃ ነው። ጎረቤት ፊደሉን አይቶ ማን እንዳደገ ያውቅ ነበር።

ስለ ኮርቲና ሲነሣ የዳገናም ሴቶች መዘለል የለባቸውም። በ1968 በለንደን ምሥራቅ ዳገናም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ የወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራቸው «አነስተኛ ሙያ የሚጠይቅ» ተብሎ ዝቅ በመመደቡ አድማ መቱ። ወንበር የሌለው መኪና አይሸጥ፣ ፋብሪካው ቆመ። የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ጠርተው አነጋገሯቸው። ከዚያ የመጣው የ1970 የእኩል ክፍያ ሕግ ነው። እነዚያ እጆች የሰፉት የኮርቲናን ወንበርም ነበር። ለእኔ ይህ ብቻ መኪናውን ለማስታወስ ይበቃል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ኮርቲናን የበላው ዝገት ነው። እንግሊዝ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ የዚያን ዘመን ላሜራ ደግሞ የዝገት መከላከያው ደካማ ነበር፣ ጭቃና ጨው በፓራፋንጎው ውስጥ ተጠራቅሞ ብረቱን ከውስጥ ይበላው ነበር። ዓመታዊው ምርመራ በ1960 ሲጀመር ለ10 ዓመት መኪኖች ነበር፤ በ1967 ግን 3 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመረመር ተደረገ። ወለሉ የተበሳ መኪና ለብየዳ የሚጠየቀው ገንዘብ ከራሱ ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ወደ መጨፍለቂያ ይልከዋል። በዚህ ላይ በ2009 መንግሥት ከ10 ዓመት በላይ የሆነ መኪና አስጨፍልቆ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,000 ፓውንድ ቅናሽ አመቻቸ፤ ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን አምራቾቹ ከፈሉ። ወደ 400,000 የሚጠጋ መኪና በዚያ ሄደ።

የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከመጀመሪያውም ውድ ነበር፣ ውብ ነበር፣ ስለዚህ ሰው በጋራዥ ሸፍኖ አስቀመጠው፣ ዛሬም እንደ ልብ ይታያል። ኮርቲና ግን በየደጁ ስለነበር «ይህንን እናስቀምጠው» ያለ ሰው አልነበረም። ሞሪስ ማሪናም፣ ኦስቲን አሌግሮም፣ ቮክስሆል ካቫሊየርም ዕጣቸው ይኸው ሆነ። የሀብታም መኪና ሙዚየም ገባ፣ ሚሊዮን ቤተሰብ ባሕር ዳርቻ የሄደበት፣ ልጅ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣበት መኪና ቁርጥራጭ ብረት ሆነ። ታሪክ ተጠብቆ ይቆይ ከተባለ እኮ ቅድሚያ የሚገባው ሁለተኛው ነው። አማትሽን ፎቶ ካላቸው ጠይቂያቸው፣ ታርጋው ከታየ የበለጠ ጥሩ ነው። ከ1963 እስከ 2001 ታርጋ ላይ ይጨመር የነበረው ፊደል መኪናው መቼ እንደተመዘገበ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ሦስት እግር ብቻ ያለው መኪና በድሮ ፊልም አየሁ። እውነት ይነዳ ነበር? (ከጅዳ)

መልስ፦ በደንብ ይነዳ ነበር። ሪላያንት ሮቢን ይባላል፣ በ1973 የወጣ፣ ታምዎርዝ በምትባል ከተማ የተሠራ። አካሉ ፋይበርግላስ ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ጎማው ሦስት ስለሆነ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሊነዳው ይችል ነበር፣ ታክሱም አነስተኛ ነበር። የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሠራተኛ ከዝናብ የሚያስጥል ጣሪያ ማለት ነበር። ሰዎች ሲስቁበት ደስ አይለኝም።

ጥያቄ፦ አባቴ ነፍሱን ይማረውና የመንግሥት ሾፌር ነበር። ገጠር የሚነዳው ላንድሮቨር አሉሚኒየም ነው ይለን ነበር። ለምን በአሉሚኒየም ሠሩት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። አባትዎ ልክ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ነበር፣ አሉሚኒየም ግን የጦር አውሮፕላን ፋብሪካዎች ስለቀዘቀዙ በሽ ነበር። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ እርሻው ላይ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። የራሳችንን እንሥራ አለ። በሚያዝያ 1948 አምስተርዳም ላይ ታየ። አካሉ ለጥ ያለና ቀጥ ያለ የሆነው በእጅ ለማጠፍ እንዲቀል ነው፣ ውድ መጭመቂያ ማሽን አይጠይቅም። የመጀመሪያው ናሙና መሪው መኻል ላይ ነበር፣ ለግራም ለቀኝም አገር እንዲሆን ታስቦ። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ይዝጋል። ያ ቅርጽ እስከ ጥር 2016 ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመረተ። ለጥቂት ዓመት መሸጋገሪያ ይሁን ተብሎ የተጀመረ መኪና ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ በርሚንግሃም እኖራለሁ። 40 ዓመት ያለፈው መኪና ታክስ የለውም አሉኝ። አንድ ልግዛ እያልኩ ነው። ምን ልጠንቀቅ? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ የሰማኸው እውነት ነው፣ ግን በራሱ አይመጣም። መኪናውን «ታሪካዊ» በሚለው መደብ ማስመዝገብ አለብህ። ከዚያ የመንገድ ታክስ አትከፍልም። ባለፉት 30 ዓመታት ትልቅ ለውጥ ያልተደረገበት ከሆነ ዓመታዊ ምርመራም አይገደድም። እኔ ግን አስመርምር እላለሁ፣ ሕጉ ባያስገድድህም ፍሬኑ አይምርህም። በለንደን የጭስ ክፍያም ነፃ ነህ፣ ለንግድ ካልተጠቀምክበት።

ስትገዛ ቀለሙን አትመልከት። ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉን ነካካ። ከበሩ ሥር ያለውን ደፍ ተጫን። ማግኔት ይዘህ ሂድና ፓራፋንጎው ላይ አስጠጋው፣ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። በታርጋው ቁጥር ያለፉትን የምርመራ ውጤቶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኛለህ፣ ከ2005 ወዲህ ያለውን። «ዝገት» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠር።

ነዳጅም አለ። እርሳስ ያለው ቤንዚን ሽያጭ በ1999 መጨረሻ ቆሟል፣ ስለዚህ የቫልቭ መቀመጫው ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ፣ ካልተቀየረ ማደያ የሚሸጥ ተጨማሪ ፈሳሽ ትቀላቅላለህ። ከ2021 ወዲህ ተራው ቤንዚን ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት) ሆኗል፣ ያ ደግሞ የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ይበላል። ኤታኖሉ እስከ 5 በመቶ ብቻ የሆነውን፣ ኢ5 የተባለውን ቅዳ፣ ትንሽ ይወደዳል። ኢንሹራንስ ለአሮጌ መኪና ብቻ የሚሸጠውን ዓይነት ፈልግ፣ ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚጻፍበትን።

ምርጫው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከበርሚንግሃም ብዙም በማይርቀው ጌይደን ወደሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ቀድመህ ሂድ፣ ሰዓት ሰጥተህ እያቸው። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ኤምጂ ስፖርትና ወለሉ ደህና የሆነ የቤተሰብ ካቫሊየር በአንድ ዋጋ ካገኘህ ካቫሊየሩን ግዛ። ለኤምጂው ገዢ አይጠፋም።