የልጄን ስልክ ተደብቄ ባየው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ሌሊቱን ስልክ ላይ ያነጋል። ስገባ ስልኩን ደረቱ ላይ ይደፋዋል፤ የይለፍ ቃሉንም ቀይሮብኛል። ተኝቶ ሳለ አውራ ጣቱን አስነክቼ ልክፈተው እያልኩ ነው። ኃጢአት ይሆንብኛል? ወይስ ለንስሓ አባታችን ልንገራቸው?

መልስ፦ የልጅን ውሎ መከታተል ኃጢአት የለበትም። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው የልጆቹን ክፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። በእንቅልፉ ጣቱን ማስነካቱን ግን አልመክርዎትም። ሌሊት ያዩትን ጠዋት ሲያነሡበት ጠቡ እርሱ ስላደረገው መሆኑ ይቀርና እርስዎ ስላደረጉት ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል፤ ካልኩሌተር መስሎ ፎቶ የሚደብቅ አፕም ይጭናል።

ጌታ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በቀረ ጊዜ እመቤታችን «ልጄ ሆይ፥ ለምን እንዲህ አደረግህብን?» ብላ ጠየቀችው፤ መጨነቋንም አልሸሸገችም (ሉቃ. 2፥48)። እርሱ በደል የለበትም፤ እኔ የማነሣው አጠያየቋን ነው። እርስዎም ወንድም እኅቶቹ በሌሉበት፣ በቀን፣ «ሌሊት 8 ሰዓት መብራቱን አየሁ፤ ስገባ ደፋኸው፤ ፈራሁልህ» ይበሉትና ዝም ብለው ያድምጡት።

ከዚያ ደንብ ያውጡ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትየውም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። «ለማንቂያ ነው» ካለ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙለት፤ ብዙ ቤት ደንቡ የሚፈርሰው በዚህች ሰበብ ነው። የስልክ አጠቃቀምን የሚገድቡትን፣ በአንድሮይድ ፋሚሊ ሊንክን፣ በአይፎን ስክሪን ታይምን፣ ልጁ እያወቀ ያብሩ፤ የስክሪን ታይሙ ኮድ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ይሁን፣ የልደት ቀንም አይሁን። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስልክ ካለ ገደቡ ከንቱ ነው። የጎበኛቸው ገጾች ዝርዝር ባዶ ቢሆንም አይዘናጉ፤ በኢንኮግኒቶ (በብራውዘሩ ስውር መስኮት) የተከፈተ ገጽ እዚያ አይመዘገብም።

አንድ ነገር ግን ይለያል። በፎቶው የሚያስፈራራው ወይም ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ከጠረጠሩ፣ ወይም ራሱን ሊጎዳ ይችላል ብለው ከሠጉ፣ ስልኩን መክፈት ግዴታዎ ነው፤ መክፈትዎንም በዚያው ቀን ይንገሩት። ለአስፈራሪ አይክፈሉ፤ የተከፈለው ተመልሶ ይጠይቃል። መልእክቶቹን አያጥፉ። የአካውንቱ ስም እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሡ፣ ለፖሊስና ለመተግበሪያው ያመልክቱ፣ ብሎክ የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ቁጣዎንም ያቆዩት፤ ልጁ እስካሁን የደበቀዎት ቁጣዎን ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ለንስሓ አባታችሁ ጭንቀትዎን ይንገሯቸው። ልጁ ምን እንደተናዘዘ ግን አይጠይቋቸው፤ ሊነግሩዎት አይችሉም። ስግደትንና ጸሎትን የስልክ ቅጣት አያድርጉበት። «ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው» የሚለው (ኤፌ. 6፥4) እዚህም ይሠራል፤ በስልክ የተጣላችሁ ቀን ጎትተው ወደ ካህኑ አይውሰዱት፤ በሰላሙ ቀን አብረው ይሂዱ።